አፍንጫውን ወደ መንገድ ያዞረ ቤት

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት ብትሉኝ ደስ ይለኛል፤ ግን ይህ ተረት በረት የለውም። ያለው ጎማ ነው። ጎማ ያለው ቤት፣ ቤቱ ውስጥ አንድ ሽማግሌና አንዲት አሮጊት፣ አሮጊቷ ልብ ውስጥ ደግሞ አንዲት ትንሽ ምኞት። ፀሐይ ከሐይቁ ላይ ስትወጣ ማየት፤ ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ሽማግሌው አሊጋዝ ይባላል። ዕድሜውን የጨረሰው በረጅም መንገድ ሾፌርነት ነው። ጡረታ ሲወጣ እኩዮቹ ቆርቆሮ ቤት ሲሠሩ እሱ ያረጀ የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ገዛ። ወንበሮቹን ነቅሎ አወጣ። ከኋላ፣ ከትልቁ መስኮት ሥር፣ አልጋ አስበየደ። መሃል ላይ ቁም ሳጥንና የከሰል ምድጃ፣ ከፊት የውሃ በርሜል አደረገ። ከዚያ ሚስቱን ጥሩወርቅን ጠርቶ፣ እግር ያለው ቤት ሠርቼልሻለሁ፣ ባሕሩን ሳላሳይሽ አልሞትም አላት። ጎረቤት ሳቀ። ሌላ ሰው ሲመሽ ወደ ቤቱ ይገባል፣ አሊጋዝ ግን ቤቱን ይዞት ሊጠፋ ነው አሉ።

እውነቱን ለመናገር መኪና ውስጥ መኖር የሚያምረው ከሩቅ ሲያዩት ነው። ፀሐይ ስትበረታ ላሜራው ይግላል፤ ሲበርድ ደግሞ ውጭው ይሻላል። ዝናብ በየብሎኑ ሥር መግቢያ አያጣም፤ ድስቱ ወጥ ከሚሠራበት ቀን ፍሳሽ የሚደቀንበት ቀን ይበዛል። ውሃ በጀሪካን ይቀዳል፤ መጸዳጃ ከጎረቤት ይለመናል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ማሰር ነው። መኪና ሲነሳ ያልታሰረ ዕቃ ሁሉ ይወድቃል፤ ስለዚህ ጥሩወርቅ ድስቱንም፣ ስኒውንም፣ የመድኃኔዓለምን ሥዕልም በገመድ ታስራለች። ሲቆሙ ትፈታለች፣ ሲነሱ ታስራለች። አንድ ቀን ባሌንም ከነኮፍያው አስረዋለሁ ትል ነበር።

ወደ ባሕሩ ሲሄዱ፣ ሐይቅ በምትባለው ከተማ ዳር፣ ሞተሩ ሞተ። አሊጋዝ አውቶቡሱን ገፍቶ አስገፍቶ ከመንገዱ በላይ ካለችው ሜዳ ላይ አቆመው። ከፊቱ መንገዱ አለ፤ ከመንገዱ ባሻገር ሐይቁ፤ ከኋላው ኮረብታው። የሾፌር ሕግ ነውና አፍንጫውን ወደ መንገዱ አዞረው። መኪና ሲቆም አፍንጫው ወደ መውጫው ይሁን፣ ጀርባውን ለመንገድ የሰጠ መኪና ላለመሄድ የቆመ ነው ይላል አሊጋዝ። ነገ ሞተሩን አሠርተን እንነሳለን አለ። ያ ነገ ሌላ ነገ ወለደ፤ ልጁም የልጅ ልጅ አየ። አውቶቡሱ ግን አፍንጫውን ወደ መንገዱ እንዳዞረ፣ የአልጋው መስኮት ኮረብታውን እንዳየ፣ ድስቱና ስኒው እንደታሰሩ ኖሩ።

ከዚያ ጥሩወርቅ ከአውቶቡሱ ደረጃ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። አጥንቱ ጠምሞ ገጠመና ከአልጋ የማትነሳ ሆነች፤ ሊያነሷት ሲሞክሩ በሕመም ራሷን ትስታለች። በላዩ ላይ የዓይን ሕመም መጣባት። የዓይን ሐኪሙ አሊጋዝን ወደ ውጭ ወስዶ፣ ብርሃኗ ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ነው፣ ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ አይመልሰውም፣ ማየት የምትፈልገው ነገር ካለ አሁን ትይ አለው። አሊጋዝ ይህን ለሚስቱ እንዴት እንደሚነግራት ሲጨነቅ እሷ ቀደመችው።

"አሊጋዝ፣ ቤታችን እግር አለው አይደል? እስቲ አዙርልኝ። ኮረብታውን ጠግቤዋለሁ። ፀሐይ ከሐይቁ ላይ ስትወጣ ልይና ከዚያ ይጨልም" አለችው።

አሊጋዝ መጀመሪያ በዘዴ ሊያመልጥ ሞከረ። ሾፌር ኋላውን የሚያይበትን ስፖኪዮ ፈትቶ፣ ጠዋት ከበሩ ላይ ቆሞ፣ ፀሐይዋን በመስታወት ይዞ ወደ አልጋው መለሰላት። መዳፍ የምታህል ፀሐይ ግድግዳው ላይ ዞረች። ጥሩወርቅ አየቻትና፣ ይቺ ፎቶዋ ናት፣ እኔ ያልኩህ እሷን ነው አለችው። አሊጋዝ አፈረ።

ወርዶ አውቶቡሱን ዙር አለው። አውቶቡሱ እምቢ አለ። መኪና አይናገርም የምትሉ ካላችሁ ሾፌር ሆናችሁ አታውቁም ማለት ነው። ሞተሬ ሞቷል አለ አውቶቡሱ፤ ሰው ቢገፋኝ ግን ጎማዬ ከዞረ እዞራለሁ፣ ጎማውን ጠይቅ። ያን ቀን አውቶቡሱ መስኮቱን አልመልስም አለ፤ ጥሩወርቅም ፀሐይዋን ሳታይ አደረች።

አሊጋዝ ወደ ጎማው ሄደ። ጎማው ተኝቶ ነበር፤ በእጅ መንፊያ እያረፈ እየነፋ፣ እያረፈ እየነፋ አስነሳው። ደረቱ እስኪያፏጭ ድረስ ነፋ። ጎማው ተነፍቶ ሲያበቃ እምቢ አለ። አየሩን ሰጠኸኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ አለ፤ ግን ድንጋዩ ይዞኛል፣ ድንጋዩን ጠይቅ። ጎማው አውቶቡሱን አላዞርም አለ፤ አውቶቡሱ መስኮቱን አልመልስም አለ፤ ጥሩወርቅም ፀሐይዋን ሳታይ አደረች።

ድንጋዩ ታኮ ነው። ታኮ ማለት የቆመ መኪና እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር የሚሸጎጥ ድንጋይ ነው፤ ያን ጊዜ በገዛ እጁ የሸጎጠው አሊጋዝ ነበር። አሁን ጎንበስ ብሎ ሲያየው ድንጋዩ አይታይም። የዱባ ሐረግ ተጠምጥሞበት፣ ከድንጋዩ ወደ ጎማው፣ ከጎማው ወደ ግጭት መከላከያው ብረት ወጥቶ አበባ አውጥቷል። ይህም የጥሩወርቅ ሥራ ነው፤ የዱባ ፍሬ በመስኮት እየጣለች ስትኖር መሬቱ ሰማት። ድንጋዩ እምቢ አለ። ሐረጉ አስሮኛል፣ ሐረጉን ጠይቅ አለ። ድንጋዩ ጎማውን አላሳልፍም አለ፤ ጎማው አውቶቡሱን አላዞርም አለ፤ አውቶቡሱ መስኮቱን አልመልስም አለ፤ ጥሩወርቅም ፀሐይዋን ሳታይ አደረች።

አሊጋዝ ቢላዋ ይዞ መጣ። ሐረጉ እምቢ አለ። ያገሩ ሰው እንደሚያውቀው ዱባ በጣት እንኳ አይጠቆምም፤ የጠቆሙት ይበሰብሳል። እንኳን በቢላዋ በጣትም አልነካም አለ ሐረጉ። ቀስ አድርገህ ወደ ጎን ብታዞረኝ እዞር ነበር፤ ግን ቅጠሌ ሥር ዶሮ ተኝታለች፣ ከተነቃነቅሁ ጎጆዋ ይፈርሳል፤ ዶሮዋን ጠይቅ። አሊጋዝ ቢላዋውን መልሶ ከኪሱ ከተተ። ሐረጉ ድንጋዩን አልለቅም አለ፤ ድንጋዩ ጎማውን አላሳልፍም አለ፤ ጎማው አውቶቡሱን አላዞርም አለ፤ አውቶቡሱ መስኮቱን አልመልስም አለ፤ ጥሩወርቅም ፀሐይዋን ሳታይ አደረች።

እነዚህ ማለፊያ ቀኖች አልነበሩም። ጥሩወርቅ ከጎኗ ያለውን ውሃ በዓይኗ ማግኘት ትታ በእጇ መዳበስ ጀመረች። አሊጋዝ አየ፤ ያየ ግን አልመሰለም። ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ ዶሮዋን ተነሽ አላት። ዶሮዋ ክንፏን ነፋችና እምቢ አለች። እንቁላል ታቅፌያለሁ፣ ያስታቀፈችኝ ዘሀራ ናት፤ ያስታቀፈ እጅ ያንሳኝ እንጂ የሌላ እጅ ከነካኝ ትቼው እሄዳለሁ፣ ጫጩቶቹም በእንቁላላቸው ይቀራሉ አለች። ዶሮዋ ከሐረጉ ሥር አልነሳም አለች፤ ሐረጉ ድንጋዩን አልለቅም አለ፤ ድንጋዩ ጎማውን አላሳልፍም አለ፤ ጎማው አውቶቡሱን አላዞርም አለ፤ አውቶቡሱ መስኮቱን አልመልስም አለ፤ ጥሩወርቅም ፀሐይዋን ሳታይ አደረች።

ዘሀራ ጎረቤታቸው ናት። አጥሯ ከአውቶቡሱ ጎን ነው፤ መጸዳጃውን ያበደረቻቸው እሷ፣ ጥሩወርቅ ከወደቀች ወዲህ ገላዋን የምታጥባትና ጸጉሯን የምታበጥርላት እሷ ናት። ለጥሩወርቅ ነፍሷን የማትሰስት ሴት ዶሮ ትነፍጋለች ብሎ ማን ይጠረጥራል። አሊጋዝም ሳይጠራጠር ሄዶ ነገራት። ዘሀራ የምትለቅመውን ምስር ከጭኗ አውርዳ ቀና ብላ አየችው።

"ጋሽ አሊጋዝ፣ እኔ ሾፌር አላውቅም እንዴ? የኔም ሰውዬ ሾፌር ነበር" አለችው። "ጠዋት ተነስቶ 'መኪናዋን አዙሬያት ልምጣ' ብሎ ወጣ። ይኸው እስከ ዛሬ እያዞራት ነው።"

ዘሀራ ቀጠለች። ያ አውቶቡስ አፍንጫውን ወደ መንገድ አድርጎ እንደቆመ እያየች እንደኖረች፣ ጎማው አንዴ ከዞረ እንደማይቆም ነገረችው፤ ጥሩወርቅን ይዟት ከሄደ እሷን በማያውቅ አገር ማን እንደሚያጥባት፣ እሷስ ዘሀራ ከማን ጋር እንደምታወራ ጠየቀችው። ስትናገር ድምጿ አልተነሳም።

"ዶሮዬን አነሳለሁ። ግን አንሄድም ብለህ ንገረኝ። ነገ የምትላትን ነገር ትተህ፣ እዚህ ነን በለኝ። ወላሂ ያኔውኑ አነሳታለሁ።"

አሊጋዝ አፉን ከፈተ። አፉ እምቢ አለ። አንሄድም ሊል ፈልጎ የወጣው ነገ የሚለው ቃል ነበር። ዘሀራ አንገቷን ነቀነቀችና ምስሯን መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ሄዶ ከሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እጁን መሪው ላይ አሳረፈ። ከፊቱ መንገዱ፣ ከመንገዱ ባሻገር ሐይቁ ተዘርግቷል፤ ጥሩወርቅ ከወደቀች ወዲህ ፀሐይዋ ስትወጣ እሱ ሲያያት ኖሯል፣ እሷ ኮረብታውን። ይህን ከዚያ በፊት አስቦት አያውቅም። ያም ሆኖ አፉ አልታዘዘም። አፉ ለዘሀራ አልናገርም አለ፤ ዘሀራ ዶሮዋን አላነሳም አለች፤ ዶሮዋ ከሐረጉ ሥር አልነሳም አለች፤ ሐረጉ ድንጋዩን አልለቅም አለ፤ ድንጋዩ ጎማውን አላሳልፍም አለ፤ ጎማው አውቶቡሱን አላዞርም አለ፤ አውቶቡሱ መስኮቱን አልመልስም አለ፤ ጥሩወርቅም ፀሐይዋን ሳታይ አደረች።

በማግስቱ ሻይ ሲያቀብላት እጇ ስኒውን ስቶ አየር ያዘ። ሁለተኛም ሳተ። አሊጋዝ እጇን ይዞ ስኒው ላይ አኖረላት። ጥሩወርቅም፣ ዘሀራ ምን አለችህ ብላ ጠየቀችው። እንዳለ ነገራት፤ ሐረጉንም፣ ዶሮዋንም፣ የዘሀራን ሰውዬም። ታዲያ አፍህ ምን ሆነ አለችው።

"ባሕሩን ቃል ገብቼልሻለሁ" አለ አሊጋዝ። "አንሄድም ካልኩ እኮ ዋሽቼሽ ኖርኩ ማለት ነው።"

ጥሩወርቅ ስኒውን ዳብሳ ከጎኗ አስቀመጠች።

"እኔ ባሕር ጠይቄህ አላውቅም። አንተ ነህ የሰጠኸኝ፤ ደስ እንዲልህ ተቀበልኩህ። እኔ የወደድኩት ካጠገብህ ተቀምጦ መሄዱን ነበር፣ እሱን ደግሞ ጠግቤዋለሁ። ግን ሳልወድቅ በፊት ነገ ባልከኝ ቁጥር ዕቃውን አስሬ አድር ነበር። ዛሬም ድስቱ እንደታሰረ ነው፣ ስኒው እንደታሰረ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ የሚነሳ ሰው ሆኜ ተኛሁ። ደከመኝ አሊጋዝ። ፍታልኝ።"

አሊጋዝ ቀና ብሎ ቤቱን አየ። እውነት ነው። ድስቱ ከመስቀያው ጋር፣ ስኒዎቹ እርስ በርሳቸው፣ ሥዕሉ ከግድግዳው ጋር፣ ሁሉም በገመድ ታስረዋል። በየቀኑ ስኒ እየፈታች ሻይ ታጠጣው እንደነበር፣ መልሳም ታስረው እንደነበር አሁን ገና ገባው። ሽማግሌው አለቀሰ። ኀዘን ብቻ አልነበረም፤ ጭነት የወረደለት ሰውም እንዲሁ ያለቅሳል። ፊቱን በነጠላው ጠርጎ ወረደና ወደ ዘሀራ አጥር ሄደ።

"ዘሀራ፣ አንሄድም" አላት። "እዚህ ነን።"

ከዚህ በኋላ ነገሩ ተፈታ። አፉ ተናገረ፤ ዘሀራ ሰማች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ዶሮ ረጋ በምትልበት ሰዓት፣ ሰፌድ ላይ ጭድ አንጥፋ መጣችና ዶሮዋን ከነእንቁላሏ፣ ከነሙቀቷ አነሳቻት፤ ዶሮዋ ትንሽ አጉረመረመች እንጂ አልተወቻቸውም። ዶሮዋ ተነሳች፤ ሐረጉም ቀስ ብሎ ተዞረ፣ አንዲት አበባ እንኳ አልረገፈችም። ሐረጉ ለቀቀ፤ ድንጋዩም በመዶሻ ሁለቴ ተመትቶ ወጣ። ድንጋዩ ወጣ፤ ጎማውም እንደ መንቃት አለ። ዘሀራ መንደሩን ጠርታ ነበርና ከመስጊድ የሚመለሱትም፣ ከገበያ የሚገቡትም ትከሻቸውን ሰጡ። አሊጋዝ መሪውን ያዘ። ጎማው ተንከባለለ፤ አውቶቡሱ አቃስቶ፣ ወደፊት ሄዶ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ እንደገና ሄዶ፣ በመጨረሻ ዞረ። አፍንጫውን ለኮረብታው፣ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጠ። ከውስጥ ጥሩወርቅ ሕመሟን ጥርሷ ውስጥ ይዛ ድምፅ አላሰማችም።

የቆመ መኪና ያለ ታኮ አይቆምም። ከሚገፉት ሰዎች አንዱ ድንጋዩን ሊያቀብል ጎንበስ ሲል አሊጋዝ ከለከለው። ራሱ ወርዶ፣ ተንበርክኮ፣ ድንጋዩን ከጎማው ሥር ሸጎጠ፣ እስኪጠብቅም በመዶሻው መታው። ከዚያ ገብቶ ገመዱን መፍታት ጀመረ። ድስቱን ፈታ፣ ስኒዎቹን ፈታ፣ ሥዕሉን ፈታ። የተፈታው ገመድ ተሰብስቦ ወንበር አከለ።

ጠዋት ሐይቁ መጀመሪያ አመድ፣ ቀጥሎ ወተት መሰለ። ጥሩወርቅ ራሷን ትራሱ ላይ አስተካክላ፣ በቀራት ቀለበት በምታህል ቀዳዳ ትፈልጋለች። አሊጋዝ አገጯን በጣቱ ቀና አድርጎ ወደ ቦታዋ መራላት። ፀሐይዋ ከውሃው ጫፍ ብቅ አለች። ጥሩወርቅ በዓይኗ ያዘቻት። ወደ ላይ ስትወጣ ዓይኗን ሳትነቅል ተከተለቻት፤ ውሃው እስኪያበራ፣ ድስቱ እስኪያበራ፣ የአሊጋዝ ነጭ ሪዝ እስኪያበራ ድረስ። እንባዋ ወረደ፣ አልጠረገችውም፤ ለመጥረግ ዓይኗን መክደን ነበረባት።

"መጣች" አለች። "ይኸው ባሕርህ።"

ብዙ ጠዋት አየቻት፤ ከዚያ ቀዳዳው ጠበበ፣ ከዚያ ተዘጋ። ዘሀራ ትመጣለች፣ ታጥባታለች፣ የዶሮዋ ጫጩቶች ደረጃው ላይ ወጥተው ይንጫጫሉ። ጎህ ሲቀድ ጥሩወርቅ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞርና ወጣች ወይ ብላ ትጠይቃለች። አሊጋዝ ዝም ብሎ ወጣች አይላትም። እጇን ይዞ ከመጀመሪያው ይጀምርላታል።

አፌ ተናገረ፤ ዘሀራ ሰማች። ዘሀራ ሰማች፤ ዶሮዋ ተነሳች። ዶሮዋ ተነሳች፤ ሐረጉ ለቀቀ። ሐረጉ ለቀቀ፤ ድንጋዩ ወጣ። ድንጋዩ ወጣ፤ ጎማው ዞረ። ጎማው ዞረ፤ ቤታችን ዞረ። ቤታችን ዞረ፤ መስኮትሽ ሐይቁን አየ። እስኪጨርስም ፀሐይዋ እውነትም ወጥታ ፊቷ ላይ ትሞቃለች፤ ጥሩወርቅም፣ አዎ፣ ወጣች ትላለች።

ተረቴን መልሱ፤ ታኮውን ግን አታንሱ።